የጾም ትንፋሽ

«አሽትታት ነው ያልኩህ። ሌላ ምን አልኩህ?»

«ለማሽተት በር አለ።»

«በሩን አልጠየቅኩም፤ አባቷን ነው የጠየቅኩት። ጎንበስ በልና አፏን አሽትት።»

ያፌት ጎንበስ አላለም። ጠቡ የተጀመረው ፊታቸውን ሲታጠቡ ነበር፤ አሁን እሱ የጫማውን ማሰሪያ እየቋጠረ ነው፤ ሚስቱ ኤልዳና የመኝታ ቤቱን መዝጊያ በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች። በመካከላቸው ልጃቸው አስካለ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከጆጉ ውሃ ትጠጣለች። የምትሠለጥንበትን የብርድ ልብስ ፋብሪካ የደንብ ልብስ ለብሳለች፤ ልብሱ ከጾሙ መግቢያ ወዲህ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል።

«እማ፣ ደህና ነኝ» አለች። «ጠምቶኝ ነው።»

«ጾም ያስጠማል» አለ ያፌት።

«ሌሊቱን ውሃ ስትጠጣና ሽንት ቤት ስትመላለስ ነው ያደረችው። እንዲህ ያለ ጾመኛ የት አየህ? ትናንት ጾም ፈታሁ ብላ ምን በላች? ሽሮውን ነካ አድርጋ ተወችው። ከትናንት ወዲያስ?»

«ሰውነቷ ለምዶት ነው።»

«የበሰበሰ ሙዝ ነው የምትሸተው፣ ያፌት። እንደዚያን ጊዜው።»

ያን ጊዜ አስካለ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ በሮቹም ገና አልመጡም ነበር። ከትምህርት ቤት በሰው ሸክም አመጧት፤ ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት አንዲት ጠና ያለች ሲስተር ከወንበሯ ተነስታ የልጅቷን አፍ አሸተተችና ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። ኢንሱሊኑን ከወጋቻት በኋላ ነበር ለወላጆቿ ያስረዳቻቸው። ስኳሩ ደሟ ውስጥ ሞልቷል፤ ኢንሱሊን የሚባለው ነገር ከሌላት ግን ሰውነቷ ሊጠቀምበት አይችልም። ጎተራው ሙሉ ሆኖ እንደተቆለፈበት ቤት ነው። ባለቤቱ እሳቱ እንዳይጠፋበት የቤቱን ማገር እየነቀለ ያነዳል። «ይኸ የሚሸታችሁ የማገሩ ጭስ ነው» አለች ሲስተሯ፤ «ኪቶን ይሉታል። ሲበዛ ደሟን ያኮመጥጠዋል። የጾመ ሰውም እኮ ጥቂት ያጨሳል፤ የእሱ ግን ከማጀት ጥግ የተረፈ ጭራሮ ነው። ይህቺ ቤቱን ነው የምታነደው።» ያን ሽታ ኤልዳና አልረሳችውም።

በሮቹ ሲመጡ እንዲያ ያሉ ሴቶች ሥራቸው አለቀ። አሁን የሕንፃው መውጫ፣ የአውቶቡሱ መግቢያ፣ የፋብሪካውና የጤና ጣቢያው ደጅ ሁሉም ያሸታል። ሰው አምባሩን ያስጠጋል፣ እፍ ይላል፤ አረንጓዴ ከሆነ ያልፋል፣ ቀይ ከሆነ በራሱ የሚንከባለል የሕመምተኛ አልጋ ይመጣለታል። ጣት ወግቶ ደም ማየት የአያቶች ነገር ሆኖ ቀረ፤ መለኪያውም ከመድኃኒት ቤቶች ጠፋ። በሮቹ ብዙ ሰው አድነዋል። ይህንን የሚክድ የለም፤ ኤልዳናም አትክድም።

ችግር የመጣው በመጀመሪያው ሁዳዴ ነበር። ጾሙ በገባ በጥቂት ቀን ደብረ ብርሃን በሙሉ ቀይ ሆነች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው ትንፋሹ ኪቶን ይይዛል፤ በሮቹ የተሠሩበት አገር ሰው ደግሞ እንዲህ አድርጎ አይጾምም። ቄሱ ቀይ፣ ሹፌሩ ቀይ፣ ገበያተኛው ቀይ። በሽተኛ ሊያነሱ የተላኩት አልጋዎች መንገድ ላይ እርስ በርስ ተጋጩ። ከዚያ ሽማግሌዎች ተመርጠው ጠባሴ ወዳለው፣ በሮቹን ወደሚያዘው ማዕከል ሄዱ። ያፌት ያኔ አዲስ የሕንፃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበር፤ አንደበተ ርቱዕ ስለሆነ አብሮ ተመረጠ። «እኛ ታመን አይደለም፤ ጾመን ነው» ያለው እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ይነሳለታል።

ማዕከሉ ጨዋ ነው፤ ሰምቶ አስተካከለ። ከዚያ ወዲህ በሁዳዴ የጾመኛ ቤተሰብ ትንፋሽ ኪቶን ቢይዝ በሮቹ በሽታ አይሉትም፤ የጾም ኪቶን ይሉታል። ለረመዳንም እንዲሁ ለሙስሊሞቹ የራሱ ማስተካከያ ተደረገ። ማዕከሉ ማንም ያልጠየቀውን አንድ ነገር ጨመረ። በሩ ጾመኛውን ሲያሳልፍ ለስለስ ባለ የሴት ድምፅ «ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ» ማለት ጀመረ።

ይህቺ ምርቃት ሰውን ቀየረችው። ጠዋት ደረጃው ላይ የተሰለፈው ጎረቤት ሁሉ ከፊቱ ያለውን ሰው በሩ ይመርቀው አይመርቀው ጆሮውን ቀስሮ ይሰማል። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ኖላዊ አንድ ማለዳ እንቁላል በልቶ ወርዶ በሩ በዝምታ አሳለፈው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ «ዝምታው» ሆኖ ቀረ። ልጅ ሊድሩ ሽማግሌ የሚልኩ ሰዎች «ኪቶኑ ያማረ ነው ይባላል» ይላሉ። ከበር ዝምታ ፈርቶ የሚጾም ሰው በዝቷል፤ ግን ማን ለምን እንደሚጾም በሩ አይጠይቅም።

አስካለ እስከ ዘንድሮ ተመርቃ አታውቅም ነበር። ስኳር ያለበት ሰው አይጾምም፤ የንስሐ አባቷም በየዓመቱ «ለታመመ ሰው ጾም አልተጻፈበትም፣ ልጄ» ይሏታል። ሆዷ ላይ የተለጠፈው ልጥፍ በማዕከሉ ትእዛዝ ኢንሱሊን እየጨመረና እየቀነሰ ያኖራታል። ዘንድሮ ግን ማዕከሉ አዲስ ነገር አስታወቀ፤ ስኳር ያለባቸውም እንደ ሰው መጾም ይችላሉ፣ ልጥፉ ለጾመኛ መጠኑን ያስተካክላል። አስካለ አባቷን ለመነችው፤ ያፌትም ደስ አለው። መጀመሪያ የተመረቀች ዕለት በሩ «ያስፈጽምዎ» ብሎ አንቱ ስላላት ደረጃው ላይ ቆማ ሳቀች። ከኋላዋ የተሰለፉትም አብረው ሳቁ።

የማዕከሉ ስሌት ቀላል ነበር። ትንፋሹ ኪቶን ያለበት ሰው ጾሟል፤ የጾመ ሰው አልበላም፤ ላልበላ ሰው ኢንሱሊን ይቀነሳል፣ አለዚያ ስኳሩ ወርዶ ይወድቃል። ኢንሱሊን ሲቀነስ ኪቶን ይበዛል። ኪቶን ሲበዛ ጾሙ የጠነከረ ሆኖ ይቆጠራል። በማግስቱ መጠኑ እንደገና ይቀነሳል።

ኤልዳና ይህንን በቃላት ልታስቀምጠው አትችልም። የምታውቀው በሩ በየማለዳው ልጇን እንደሚያመሰግናትና ልጇ በየማለዳው ደረጃውን ለመውረድ ግድግዳ እንደምትይዝ ነው።

«እሺ» አለ ያፌት፣ ማሰሪያውን ጨርሶ ቀና እያለ። «ጤና ጣቢያ እንሂድ። በር ይፍረደን።»

---

ደረጃው ቀዝቃዛ ነበር። የተሰለፈው ሰው ትንፋሽ እንደ ጉም ወጥቶ ይበተናል። ከፊታቸው ያሉት አንድ በአንድ እፍ ብለው ተመርቀው ወጡ። አስካለ አምባሯን አስጠጋችና እፍ አለች። የበሩ መስታወት አረንጓዴ በራ፤ ከሥሩ ጽሑፍ ወጣ፦ የጾም ኪቶን፣ እጅግ መልካም። የዛሬው የኢንሱሊን መጠን ተቀንሷል።

«ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ» አላት በሩ።

«የአባቷ ልጅ» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። «ሊቀ መንበር፣ ይቺን ልጅ ገዳም እንዳትወስዱብን።»

ያፌት ፈገግ አለ። ኤልዳና የልጇን ክንድ ይዛ ወጣች።

ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ አስካለ ግን ሁለት ቦታ ላይ ቁጭ አለች። እንደደረሱም በሩ እዚያም የለመደውን ደገመ፤ አረንጓዴ፣ ምርቃት፤ መዝጊያው ግን ዝግ ነው፤ የጤና ጣቢያ በር የሚከፈተው ለቀይ ብቻ ነው። በመስታወቱ ወዲያ አንዲት ወጣት እንግዳ ተቀባይ ተቀምጣለች፤ ደረቷ ላይ «ሐሴት» ይላል።

«ምን ልታዘዝ፣ እናቴ?»

«ልጄ ታማለች። ሐኪም እንዲያያት ነው።»

«አረንጓዴ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ። ታማለች።»

«አረንጓዴ ሰው ማስገባት አልችልም። እኔ ብፈልግም በሩ አይከፈትልኝም።»

«ሐኪም የለም?»

«አሉ። ውስጥ ናቸው፣ ከቀዮቹ ጋር።»

«አንቺ አፍንጫ የለሽም? ነይ ውጪና አሽትቻት።»

ሐሴት መስታወቱን በጣቷ ጥፍር ቀስ ብላ መታ መታ አደረገችው፤ በመካከላቸው እንዳለ ለማሳየት ይመስላል። ከዚያ ወደ ንግግሩ ቀዳዳ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እናቴ፣ የፍስክ ነገር ትንሽ ያቅምሷት። ወተትም ይሁን ቅቤ። በሩ ፍስኩን አሽትቶ ጾመኛ አይደለችም ካለ እንደ ማንኛውም ሰው ያያታል። ሰዉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ እኔ ግን አልነገርኩዎትም።»

ያፌት ሰምቷል። መንገድ ሲወጡ «በሁዳዴ ወተት» አለ።

«አዎ፣ በሁዳዴ ወተት።»

«ነገ ደረጃው ላይ በሩ ዝም ሲላት ምን ይባላል? አስቢው። ይህንን ማስተካከያ ለሕዝቡ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የእኔ ልጅ …»

«ንስሐ አባቷ አትጹሚ ብለዋታል። አንተ ከእሳቸው በለጥክ?»

«እሳቸው ስለ ልጥፉ ምን ያውቃሉ?»

«አንተስ ምን ታውቃለህ? ልጅህን እንኳ ጠጋ ብለህ አላየሃትም።»

አስካለ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሮጦ እንደመጣ ሰው በረጅሙና በጥልቁ ትተነፍሳለች፤ ከተቀመጠች ግን ቆይታለች። «አባ» አለች፣ «ሆዴን አመመኝ።» ያፌት ቢሮ ይረፍድብኛል ብሎ ሄደ፤ ጥግ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየ።

---

ምድር ቤት የምትኖረው ወይዘሮ ሂክማ ልብስ ሰፊ ናት። ኤልዳና ልጇን ደግፋ ስትገባ የስፌት መኪናዋን አቁማ ቀና አለች።

«ወተት ይኖርሻል? ትንሽ።»

«ለማን?»

«ለአስካለ።»

ሂክማ ሌላ አልጠየቀችም። ወተቱን ለብ አድርጋ በብርጭቆ አመጣች። አስካለ ብርጭቆውን ይዛ እናቷን አየቻት።

«እማ፣ ጾሜን?»

«ኃጢአቱ የእኔ ነው። ጠጪ።»

ጠጣች። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወተቱ ብቻ ሳይሆን ከሱ ጋር የቡና አተላ የሚመስል ነገር የሂክማ ምንጣፍ ላይ ወጣ። ሂክማ ጨርቅ ይዛ ስትጠርግ ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

«ይኸ ምን ሽታ ነው፣ ኤልዱ? የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠጥታለች እንዴ?»

«ኪቶን ነው።»

«የጾሙ?»

«የጾም አይደለም። በሩ ግን የጾም ነው ይላል። እኛ ቤት ማን ቢታመም በሁዳዴ የጾም ነው።»

ሂክማ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለችና አሰበች። «የእኛ ቤት ጾም ላይ አይደለም» አለች። «ረመዳን ገና ነው። ኑሪያዬ እንዲህ ብትተነፍስ በሩ ያኔውኑ ነበር የሚጮኸው።» ልጇ ኑሪያ የአስካለ እኩያ ናት፤ በአንድ ክፍል ተምረዋል። «ነይ፣ የኑሪያን አምባር እናድርግላት።»

«ቢታወቅስ?»

«እኔ ነኝ ያደረግኩት እላለሁ። ምን ያደርጉኛል፣ መርፌዬን ይነጥቁኛል?»

ኑሪያ ከጓዳ ወጥታ አምባሯን ራሷ አወለቀች። አስካለ እጅ ላይ ሰፋ። ሂክማ በክር ሸብ አደረገችው። ከዚያ ልጥፉን አስታወሱት፤ ልጥፉ ሆዷ ላይ ካለ አልጋው ማን መሆኗን ያውቃል። ኤልዳና የልጇን ሸሚዝ ገለጠች፣ የልጥፉን ጠርዝ በጥፍሯ ያዘችና በቀስታ ላጠችው። ከሥሩ አንዲት የኢንሱሊን ጠብታ ወጥታ ቆዳዋ ላይ ፈሰሰች። ኤልዳና በጣቷ ጠረገቻት።

ያፌት ቢሮው አልደረሰም ነበር። ከመንገድ ተመልሶ ቤቱን ባዶ ሲያገኘው እየፈለጋቸው ወርዶ ሂክማ ደጃፍ ላይ ቆመ። ማንም የሆነውን አልነገረውም። ልጁን ሊያነሳት ጎንበስ አለ፤ ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ ወደቀ፤ አፏ ጉንጩ ሥር ሆነ። ያፌት እንዳቀፋት ቀጥ ብሎ ቆመ። ሚስቱን አላያትም። ከዚያ በኋላ በዚያ ቀን አልተከራከረም።

---

የሕንፃውን በር በአስካለ አምባር አልፈው፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ያፌት ልጁን እንዳቀፋት ኤልዳና የኑሪያን አምባር አስጠጋችላት።

«እፍ በይ፣ የኔ ልጅ።»

አስካለ እፍ ለማለት አልተቸገረችም፤ እየተነፈሰች ነበር፣ አፏን ከፍታ፣ በረጅሙ። በሩ ቀይ ሆነ። ኤልዳና በሕይወቷ ቀይ አይታ ደስ ብሏት አያውቅም። መዝጊያው ተከፈተ፣ አልጋ ብቻውን እየተንከባለለ መጣ። ሐሴት ከመስታወቱ ወዲያ ስሙን አነበበች፣ ከዚያ የልጅቷን ፊት አየች፣ እንደገና ስሙን አየች።

«ኑሪያ ሰዒድ» አለች ቀስ ብላ። «ግቢ።»

ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ነበር፤ ዶክተር ኪሩቤል ይባላል። የአልጋውን መስታወት አየና አጠገቡ ለቆመው ነርስ መመሪያ ሰጠ። «ስኳር የለባትም። ብዙ ቀን እህል ሳትቀምስ የቆየች ናት። ግሉኮስ ስቀልላት።»

ነርሱ ከረጢቱን ሰቅሎ መርፌውን ወጋ። ኤልዳና ከረጢቱን አየችው።

«ዶክተር፣ ስኳር አይሆንም። ስኳሯ ሞልቷል። ኢንሱሊን ነው የሚያስፈልጋት።»

«እናቴ፣ ኑሪያ የስኳር ሕመም የለባትም።»

ኤልዳና ያፌትን አየችው። ያፌት የልጁን እግር ይዞ ቆሟል። ዝም ካለች ልጇ ውስጥ ትቀራለች፤ ስኳርም ደሟ ውስጥ ይገባል። ከተናገረች ደግሞ ምን እንደሚሆን ጠዋት አይታዋለች።

«ኑሪያ አይደለችም» አለች። «አስካለ ናት። አስካለ ያፌት። ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። አምባሩ የሰው ነው።»

ሐኪሙ ግሉኮሱን ራሱ ዘጋ። የአስካለን ስም አስገባ። የአልጋው መብራት ከቀይ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ፤ አልጋው «ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ» ብሎ ራሱን ወደ መውጫው አዞረ። ሐኪሙ በእጁ ያዘው፤ ነርሱም መጥቶ ያዘው፤ አልጋው በሁለቱ እጅ መካከል ጎማውን እያሽከረከረ ቆመ።

«አምንዎታለሁ» አለ ዶክተር ኪሩቤል። «ሽታውን እኔም አውቀዋለሁ፣ መጽሐፍ ላይ አለ።»

«እንግዲያው ኢንሱሊን ስጣት።»

«የመድኃኒቱ ቁምሳጥን ለአረንጓዴ ሰው አይከፈትም። ኑሪያ ብላትም አይከፈትም፤ ኑሪያ ስኳር የለባትም።»

«ስበረው።»

ሐኪሙ ቁምሳጥኑን አየ። ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ ብረት ነው። ያፌት ሄዶ በትከሻው መታው፤ ደግሞ መታው። ነርሱ «ጋሼ፣ ተው፣ አይሆንም፣ እኛም ሞክረን እናውቃለን» አለው። ኤልዳና የላጠችውን ልጥፍ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ልጇ ሆድ ላይ መልሳ ለጠፈችው፤ ልጥፉ ደርቋል፣ አልያዘም። ከውጪ የሚገዛ ኢንሱሊን የለም፤ ሁሉም በልጥፍ ከማዕከሉ ነው የሚመጣው። ሐኪሙ ተራ የጨው ውሃ ሰቀለላት፤ ያ ብቻ በእጁ ነበር። ከዚያ በአልጋው መስታወት ማዕከሉን ጠራ።

ማዕከሉ በትዕግሥት ሰማው። የሕመምተኛዋን ስም እንዲያረጋግጥ ጠየቀው፤ አረጋገጠ። ስለ ሁለተኛው ስም ጠየቀው፤ ሐኪሙ አስረዳ። ያፌትም ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ ተናገረ። ያ ዱሮ የተመሰገነበት አንደበቱ አልነበረም። «ልጄ ናት» አለ፤ «ጾማ አይደለም፤ ታማ ነው።» ማዕከሉ ጥያቄው መድረሱን ነገራቸው፤ አመሰገናቸውም።

ከዚያ ጠበቁ። ነርሱ አልጋውን እንደያዘ ነበር። አስካለ አንድ ጊዜ ዓይኗን ገልጣ «ፋብሪካ ቀረሁ?» ብላ ጠየቀች። «ፈቃድ ወስጄልሻለሁ» አለቻት እናቷ። ትንፋሿ መጀመሪያ እንደ ወናፍ ነበር፤ ቀስ በቀስ እያጠረ መጣ። ኤልዳና ያጠረው እየተሻላት መስሏት ለጥቂት ጊዜ እጇን ከልጇ ደረት ላይ አነሳች።

መልሱ ሲመጣ የልጅቷ ትንፋሽ ቆሞ ነበር። የአልጋው መብራት አረንጓዴም ቀይም አይደለም፤ ጠፍቷል። መስታወቱ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ አስተያየትዎ ጠቃሚ ነው። የጾም ማስተካከያው ከፋሲካ በኋላ ይታያል።

---

ለቅሶው በሦስተኛው ቀን ደርቶ ነበር። ሳሎኑና ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል፤ እድሩ ያመጣው አግዳሚ እስከ ደረጃው ድረስ ተደርድሯል። ሴቶቹ ማጀት ውስጥ ምስር ይቀቅላሉ። ሂክማ እዚያው ናት፤ ልጇ ኑሪያ ግን አልመጣችም። አምባሯ ተመልሶላታል፤ ማዕከሉ እስካላነሳላት ድረስ ግን ቀይ ናት፣ ከምድር ቤት ደጃፍ ማለፍ አትችልም።

«አንድ ጉርሻ» ትላለች ሂክማ። «ኤልዱ፣ ስለ እኔ ብለሽ።»

ኤልዳና እህል ከቀመሰች ቀናት አልፈዋል። ጉርሻውን ተቀብላ እጇ ላይ ይዛው ትቆይና ሂክማ ዞር ስትል ትሪው ላይ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ወንዶቹ ሳሎን ውስጥ ይነጋገራሉ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ አሁን ድምፁ ከፍ ብሏል።

«ሽማግሌ ይመረጥና እንሂድ» ይላል ኖላዊ፣ ያ ዝምታው የሚሉት። «ስኳር ያለባቸውን ከጾሙ ያውጧቸው። ይህቺ ከባድ ነገር አይደለችም።»

«ከባድ ናት» ይላል ደረጃው ላይ የቀለደው ሽማግሌ። «አንዱን ክር ስትመዝ ሸማው ይተረተራል። ማስተካከያውን ነካ ያደረጉ ዕለት እንደዚያን ጊዜው ከተማው በሙሉ ቀይ ይሆናል። በዐቢይ ጾም መካከል ሥራ ሊፈታ ነው?»

«እና ሰው ይሙት?»

«ሰው ይሙት አላልኩም። ከፋሲካ በኋላ ነው ያልኩት።»

«ከፋሲካ በኋላ ማን ያስታውሰዋል?»

«ሊቀ መንበር ያስታውሳሉ። ሊቀ መንበር ምን ይላሉ? እርስዎ ነዎት ማዕከሉን የሚያውቁት።»

ያፌት ጥግ ላይ ተቀምጧል። ልጁን ያቀፈበትን ኮት ከዚያ ቀን ወዲህ አላወለቀውም፤ አገጩን ኮሌታው ውስጥ ቀብሮታል። ሁሉም ቃሉን ይጠብቃል። ያፌት አፉን ከፈተና ትንፋሹን ብቻ አወጣ። ሌላ ሰው ጣልቃ ገባ፤ ክርክሩ ቀጠለ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሕንፃው ጸሐፊ ይጨመር አይጨመር ወደሚለው ዞረ።

ኤልዳና ነጠላዋን አጣፋች። ከፍራሹ ተነስታ በአግዳሚዎቹ መካከል አለፈች። የተቀመጡት እግራቸውን ሰበሰቡላት፤ ሽንት ቤት የምትሄድ መስሏቸዋል። ደረጃውን ወረደች። መውጫው ላይ ሰልፍ አልነበረም።

አምባሯን አስጠጋችና ልማድ ሆኖባት እፍ አለች።

በሩ አረንጓዴ በራ። የጾም ኪቶን፣ እጅግ መልካም።

«ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ» አላት።

ሂክማ ደጃፍ ላይ ኑሪያ ቆማለች፤ ቀዩ መብራት ከበላይዋ ይበራል። ሁለቱ ተያዩ። ኤልዳና አምባሩን ከእጇ አውልቃ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። ውጪ ይበርዳል፤ ትንፋሿ ነጭ ሆኖ ከፊቷ ቀደመ። መዝጊያው ከኋላዋ ሲገጠም የላይኛው ፎቅ ድምፅ አልተቋረጠም፤ ጸሐፊው ይጨመር የሚሉት እየበረቱ ነበር። ወደ ጠባሴ የሚወስደውን መንገድ ይዛ ሄደች።